በዘይቱ ከተማ የቀሩ መቃብሮች

ቀድሞ ፋርስ ይባል በነበረው በኢራን አገር፥ በደቡብ ምዕራብ ባሉት ተራሮች መካከል፥ መስጂድ ሱሌማን የምትባል ከተማ አለች። ስሟ «የሰሎሞን መስጊድ» ማለት ሲሆን፥ የወጣላትም በአጠገቧ ካለው የጥንት ሕንፃ ፍርስራሽ ነው። ሰሎሞንን የእኔ የሚል አገር እንግዲህ የእኛ ብቻ አይደለም።

በዚህች ሥፍራ ግንቦት 18 ቀን 1900 ዓ.ም. ሌሊት፥ የእንግሊዛዊው ባለሀብት የዊልያም ኖክስ ዳርሲ ሠራተኞች 360 ሜትር ያህል ከቆፈሩ በኋላ የነዳጅ ዘይት ፈንድቶ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የአንግሎ ፐርሺያን የዘይት ኩባንያ ተቋቋመ፤ ምድረ በዳው ከተማ ሆነ። ሠራተኛም ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ፤ ከእንግሊዝ፥ ከሕንድ፥ ከአካባቢው የባክቲያሪ ጎሣ። ከኢስፋሃንና ከዙሪያዋ ደግሞ፥ አባቶቻቸው ከ400 ዓመት በፊት በሻህ ዐባስ ትእዛዝ ወደ ፋርስ የተወሰዱ አርመኖች መጡ። መኖሪያ ቤቱ በሹመትና በዘር ተለየ፤ መቃብሩም በሃይማኖት።

አርመኖቹ በእምነት ወንድሞቻችን ናቸው። በጥር 1957 ዓ.ም. የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አኃት አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፥ የአርመኑ ካቶሊኮስም በመካከላቸው ነበሩ። በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን ፊደል ያየ ኢትዮጵያዊ ከግእዝ ጋር ስለሚመሳሰልበት ሊያነበው ይቃጣዋል፤ ነገር ግን አንዲት ቃል እንኳ አይሆንለትም።

በ1943 ዓ.ም. ዘይቱ የኢራን መንግሥት ሀብት ሆነ፤ ምርቱም ወደ ሌሎች መስኮች እያደር ተዛወረ። ሥራው ሲሄድ ሠራተኛውም ሄደ። የአርመን ቤተሰቦች ወደ ኢስፋሃን፥ ወደ ቴህራን፥ ከዚያም ወደ ባሕር ማዶ ተበተኑ። ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ፤ መቃብሩ ግን በኮረብታው መካከል ቀረ።

በአርመን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፥ በአምስቱ ታላላቅ በዓላት ማግሥት ሙታን ይታሰባሉ፤ ምእመናን ወደ መካነ መቃብር ይሄዳሉ፥ ካህኑም ያጥናል፥ ይባርካል። ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ይህ ቀን በዚያ ኮረብታ ላይ እንደ ማንኛውም ቀን ያልፋል። ቤተ ክርስቲያን ግን በየቅዳሴዋ ሙታንን ሁሉ ስለምታስብ፥ መቃብሩ ቢረሳ ሟቹ ተረሳ ማለት አይደለም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው።

ዛሬ ከእኛም ቤት ብዙ ልጆች ለሥራ ወደ ዘይት አገሮች፥ ወደ ዐረቡ ምድር ይሄዳሉ። በዚያ ከሚያርፉት መካከል አስከሬናቸው ወደ አገር የሚመለስ አሉ፤ እዚያው የሚቀሩም አሉ። በፓስፖርቱ የተጻፈው የዓለም ስማቸው ነው፤ ጸሎተ ፍትሐት የሚደረገው ግን በክርስትና ስም ነው። ይህንም ስም ብዙ ጊዜ ከእናት በቀር በቤት ውስጥ የሚያውቀው የለም፤ እናትም ትሞታለች።

በምናውቀው አንድ ቤት ይህ ደረሰ። ልጅቱ በሰው አገር አርፋ በዚያው ተቀበረች። ለአርባዋ ቀን ካህኑ የክርስትና ስሟን ቢጠይቁ፥ አባቷ «ወለተ . . .» ብለው ቀሩ፤ እናቲቱ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በመጨረሻ ክርስትና ያነሷት እናት በገጠር መኖራቸው ታስቦ ሰው ተላከ። ባልቴቲቱ ዓይናቸው ፈዝዟል፥ የመጣባቸውንም ሰው አልለዩም፤ ስሙን ግን ሲጠየቁ ወዲያው «ወለተ ኪዳን» አሉ።

አባት በዚያው ዕለት የቤታቸውን ዳዊት ገልጠው በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ጻፉት። ከበታቹም በሕይወት ያሉትን የሦስት ልጆቻቸውን የክርስትና ስም፥ እየጠየቁ፥ አንድ በአንድ አስከትለው ጻፉ።