ጸጸቱ ለማን ነው?

የጆርጅ ሉካስ ተከታታይ ፊልም «የከዋክብት ጦርነት» በተነሣ ቁጥር፣ አናኪን ስካይዎከርን ለጥፋት ያበቃው የፍቅሩ ብዛት ነውና ልናዝንለት ይገባል የሚሉ ወገኖች አይታጡም። ይህን አስተሳሰብ አጥብቀን እንቃወማለን። የምንቃወመው ግን በጠፈር መርከብ ታሪክ ውስጥ ፍቅር ምን ይሠራል በማለት አይደለም፤ ከሰው ልብ ያልተነሣ የሳይንስ ልብ ወለድ የመሣሪያ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል። ክርክራችን ፍቅርና ጸጸት በገጸ ባሕርዩ ላይ በተጣለባቸው ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ክፍል እናስታውስ። ወጣቱ ወደ ታቱዊን ተመልሶ በታስከኖች እጅ የወደቀችውን እናቱን ያገኛል፤ እርሷም በእቅፉ ትሞታለች። የሰፈሩን ወንዶች ብቻ ሳይሆን ሴቶችንና ሕፃናትንም በሰይፍ ይጨርሳል። ከዚያም በፓድሜ ፊት ያለቅሳል። ልቅሶውን ልብ ብሎ ላዳመጠ፣ የሚያንገበግበው እናቱን ለማዳን አቅም ማጣቱ ነው። የገደላቸውን ግን እንደ እንስሳ ማረዱን ይናገራል፤ የአንዳቸው ስም እንኳ አይነሣም። ፓድሜስ? የሴኔት አባል፣ ለፍትሕ የቆመች ሴት ናት፤ ታጽናናዋለች፤ ፊልሙ ሳያልቅም ታገባዋለች! ደራሲው ፍቅርን የወንጀል መጋረጃ ያደረገው እዚህ ላይ ነው።

በ2005 በወጣው ክፍል መጋረጃው ይሰፋል። አናኪን ሚስቱ በወሊድ ስትሞት በሕልሙ ያያል፤ ፓልፓቲንም ከሞት የሚያድን ምሥጢር እንዳለ ሹክ ይለዋል። በማስ ዊንዱ ሞት ሲጸጸት አንድ አፍታ እናየዋለን፤ ወዲያው ይንበረከካል፤ ቀጥሎም የጄዳይን ሕፃናት ሊገድል ይሄዳል። ሊያድናት ነፍሱን የሸጠላትን ነፍሰ ጡር ሚስቱንም እርሱ ራሱ ያንቃታል። «ስለምወዳት ነው» እያለ እጁን የሚያነሣ ባል በየሰፈሩ ሞልቶ ሳለ፣ መምህራን ይህን ትዕይንት ለወጣቶች እንደ ፍቅር አሳዛኝ ፍጻሜ ብቻ ሊያብራሩት አይገባም።

በእርግጥ በዚያው ፊልም ሪፑብሊኩ ሲሞት ሴኔቱ ያጨበጭባል። እውነተኛው ትዕይንት ይህ ነበር፤ አምባገነንን የሚያነግሠው ጭብጨባ እንጂ የአንድ ባል ቅዠት አይደለምና። ይሁንና ካሜራው ብዙ አይቆይበትም፤ ወደ ፍቅረኞቹ ይቸኩላል።

የመጨረሻው ሒሳብ የተወራረደው ግን ቀድሞ፣ በ1983 በታየው ክፍል ነው። ቬደር የሆነው አናኪን ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ጥልቁ ወርውሮ ልጁን ሉክን ያድናል፤ ወዲያውም ከጻድቃኑ ጎን በብርሃን ተከቦ ይታያል። በአገራችን ደም የተቃባ ሰው ለዕርቅ የሚቀርበው ከሟች ወገን ፊት ነው። በ1977ቱ ፊልም ዓለሟ አልዴራን ስትፈነዳ ሊያን ይዞ ያሳያት ቬደር ነበር፤ ያሠቃያትም እርሱ ነው። ሲሞት ለእርሷ የላከው ቃል ግን ሉክ ስለ እርሱ የተናገረው ልክ እንደነበር ብቻ ነው። ስለ አልዴራን አንድም ቃል የለበትም።