ሐዘንተኛውን ሆስፒታል በር ላይ ማን ይቀበለው?

በሰፈራችን እድር በጸሐፊነት ለብዙ ዓመት አገልግያለሁ። ሰው ቤቱ ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከእቃ ቤት ይወጣል፣ ለቤተሰቡ የእድሩ ገንዘብ ይሰጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ሰው ሆስፒታል ሲሞት ግን ከአልጋው እስከ ድንኳኑ ያሉት ሰዓታት ባለቤት የላቸውም። የሐኪሙ ሥራ አልቋል፤ የእድሩ ገና አልጀመረም። በዚህ መሃል ቤተሰቡ ብቻውን ይቀራል። ይህ መለወጥ አለበት፤ መለወጥም ይቻላል።

ከመርዶው እንነሳ። በባህላችን መርዶ ለብቻው ላለ ሰው በሌሊት አይነገርም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ተይዞ፣ ማለዳ ነው የሚረዳው። ሆስፒታል ውስጥ ግን ስንቱ አስታማሚ ነው የታዘዘለትን መድኃኒት ገዝቶ ሲመለስ ኮሪደር ላይ «አርፈዋል» የተባለው! እንባው ሳይደርቅም መታወቂያ አምጣ፣ ሂሳብ ዝጋ፣ አስከሬኑን መቼ ታወጣለህ ይባላል።

ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል። ሞቱ በአደጋ ወይም በሚያጠራጥር ሁኔታ ከሆነ ፖሊስ ይገባል፣ አስከሬኑም ለምርመራ ይላካል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ተሸክሞ የኖረው ምኒልክ ሆስፒታል ነው። ቤተ ክርስቲያን ለቀብር የሰበካ ጉባኤ አባልነት ትጠይቃለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ጀናዛ ማዘግየት ስለማይገባ አንድ ፊርማ በዘገየ ቁጥር ጭንቀታቸው ይበረታል።

ስለ ምዝገባው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሐዘንተኛው ግን «ለወረቀቱ ከአርባው በኋላ እንደርሳለን» ይላል። ተዝካሩ ሲወጣ የሕጉ ቀን አልፏል። ባንክ ያለው ገንዘብ፣ የጡረታው አበል፣ የወራሽነት ማረጋገጫው፣ የቤቱ ካርታ ሁሉም ያንን የምስክር ወረቀት ይጠብቃሉ። ይህን በዕለቱ ለቤተሰቡ የሚነግር ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ አላየሁም።

የእድራችን አባል የሆኑ አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲያርፉ የደረሰባቸውን ልናገር። ሟቹ ሲታከሙ ካርዳቸው ላይ የተጻፈው ሰፈሩ የሚጠራቸው ስም ነበር፤ መታወቂያቸው ላይ ያለው ሌላ ነው። የሞት ማስረጃውም በካርዱ ስም ወጣ። ባንኩ አልቀበልም አለ፤ ፍርድ ቤት ምስክር አምጡ አለ። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ገንዘብ ለወራት ተያዘ። ማስረጃው ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው ስሙን ከነአያት ከመታወቂያው ጋር ቢያስተያየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከሁሉ የባሰው ከክፍለ ሀገር በሪፈር የመጣ ነው። አንድ የታመመ አባላችንን ልጠይቅ ሄጄ አባቱ የሞቱበት ወጣት አየሁ። ከተማው ውስጥ ዘመድ የለውም። አስከሬኑን አገር ቤት የሚያደርስ መኪና ቢፈልግ ሾፌሮቹ እንባውን እያዩ ዋጋ ይጨምሩበታል። የረዱት በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እዚያው ነጠላ ዘርግተው አዋጡለት። ደግነታቸው የሚያኮራ ነው። ሐዘንተኛ ግን በመንገደኛ ደግነት ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም።

የሆስፒታል ሥራ ማዳን ነው፣ ለሕያዋኑም ባለሙያና በጀት አልበቃም የሚሉ አሉ። የነርሶቹን ድካም በዓይኔ ስለማይ ይህን አላቃልልም። ነገር ግን በሆስፒታሎቻችን ሊያዞን የሚባል ቢሮ አለ፤ አልጋ ያስይዛል፣ ሪፈር ያስተባብራል። ይኸው ቢሮ ሟች ያለበትን ቤተሰብም ይረከብ። በየፈረቃው አንድ ኃላፊ ይመደብ። ያ ሰው ቤተሰቡን ወንበር ባለበት ክፍል ያስቀምጥ፣ ዘመድ ያስጠራ፣ ስሙን ያመሳክር፣ ቀጣዩን እርምጃ በአንድ ገጽ በሚያውቁት ቋንቋ ጽፎ ይስጥ፣ ዋጋቸው አስቀድሞ የታወቀ መኪናዎችን ይጠቁም። ያልተከፈለ ሂሳብ ካለም ቤተሰቡ በዋስ ፈርሞ አስከሬኑን ይውሰድ። አስከሬን የዕዳ መያዣ መሆኑ ለሟቹም ለሆስፒታሉም ክብር አይደለም።

እኛም እድርተኞች ድርሻ አለን። የአብዛኞቻችን መተዳደሪያ ደንብ ሥራችንን ከድንኳን ይጀምረዋል። ደንቡ ይሻሻል፤ አባል ሆስፒታል ሲያርፍ ወረቀት የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ፣ እስከ ወረዳው ምዝገባ ድረስም ከቤተሰቡ አይለዩ። በአገሩ እድር ያለው እንግዳ ሲገጥማቸውም ለእድሩ ይደውሉለት።

ጤና ሚኒስቴር ይህን አገልግሎት ሆስፒታሎች ከሚለኩባቸው መመዘኛዎች ውስጥ ያስገባው። እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ ሆስፒታል በሽተኛ ሲያስተኛ ሙሉ ስሙን ከመታወቂያው ይገልብጥ፣ የእድሩን ስምና የጸሐፊውን ስልክ ካርዱ ላይ ይመዝግብ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ የነገው ተረኛ ሊጀምረው ይችላል።