በባሕር ማዶ ስለ ተያዘ ክርክር

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገራችን ሰው። በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ሠርተው በባሕር ማዶ የኖሩ ባልና ሚስት ሲለያዩ፥ ባል በዚያ ሚስት በዚህ የሚከሱበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ «ነገሩ በውጭ አገር ተይዟልና የዚህ ይቁም» የሚል መቃወሚያ ይነሣል። ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 8 የሚያግደው በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አስቀድሞ የተጀመረ አንድ ዓይነት ክርክር ሲኖር ነው እንጂ፥ የውጭ አገር ክስ ዳኞቻችንን አይከለክልም። የውጭውም ፍርድ ቢሆን፥ የኛ ፍርድ በዚያ አገር የማይፈጸም ከሆነ፥ በቁጥር 458 መሠረት እዚህ አይፈጸምም። እንግዲህ የዚህ ክርክር ቢቆም ባለመብቷ ከሁለቱም ሳትሆን ልትቀር ነው። ስለዚህ ዳኛ ነገሩን ከማቆም ይልቅ፥ በውጭ የተከፈለውን መርምሮ፥ አንድ ዕዳ ሁለት ጊዜ እንዳይከፈል ተጠንቅቆ ፍርዱን ሊሰጥ ይገባዋል።