ሙግት የሌለበት ሹመት፦ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አመራር አሿሿምና የአንድ ፓርቲ ምክር ቤት

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በአዘና የሚነሣ የወሰን ወይም የውርስ ክርክር እዚያው አዘና ላይ ላይቋጭ ይችላል። በይግባኝ ወደ እንጅባራ፣ ከእንጅባራም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ከተባለና ሕጉ ያስቀመጣቸው ሁኔታዎች ከተሟሉ ደግሞ አዲስ አበባ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ፊት ሊቀርብ ይችላል። የአዘናው ገበሬ የዚያን ችሎት ዳኞች በስም አያውቃቸውም፤ እንዴት እንደተሾሙም የነገረው የለም። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ቃል የእነርሱ ነው።

ቃላቸው ደግሞ ከአንድ መዝገብ ያልፋል። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 454 ከተደነገገ ወዲህ፣ ሰበር ሰሚ ችሎቱ ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። በመዝገብ ቁጥር 23632 ከደቡብ ክልል የመጣውን የአንድ ሕፃን አሳዳጊነት ክርክር ለአብነት ማንሣት ይቻላል። የሥር ፍርድ ቤቶች ለወላጅ አባት የወሰኑትን ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. ሽሮ የሕፃኑ ጥቅም መቅደም አለበት አለ። ያ ትርጉም ከአንድ ቤተሰብ አልፎ አዘና የሚያስችለውን የወረዳ ዳኛም ጭምር የሚመራ ሆነ። እንዲህ ያለ ሥልጣን ያለውን ተቋም ማን ይመራዋል፣ በምን መንገድስ ይመረጣል የሚለው ጥያቄ ስለዚህ የአዲስ አበባ ሹማምንት የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በዚህ ጉዳይ የዓለምን ዐይን ስትስብ የኖረችው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1986 ዳኛ አንተኒን ስካሊያ በሴኔቱ 98 ለ0፣ በ1993 ደግሞ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ 96 ለ3 በሆነ ድምፅ ጸድቀው ነበር። በመሐሉ፣ በ1987፣ የሮበርት ቦርክ ዕጩነት 58 ለ42 ወድቋል። በ2016 ፕሬዚዳንት ኦባማ ያቀረቧቸው ሜሪክ ጋርላንድ ለ293 ቀናት አንድም የመስማት ሂደት ሳይካሄድላቸው ዕጩነታቸው አበቃ። በ2017 ተቃዋሚዎች ድምፅ የሚያዘገዩበት የ60 ድምፅ መስፈርት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዕጩዎች ቀረ፤ በቀጣዩ ዓመት ብሬት ካቫና 50 ለ48 በሆነ ድምፅ አለፉ። በ2020 ኤሚ ኮኒ ባሬት ምርጫው ስምንት ቀን ሲቀረው 52 ለ48 ጸደቁ። ጠቡ ችሎቱን ጎድቶታል። ዜጋው ፍርዱን ከማንበቡ በፊት ዳኛውን የሾመው የየትኛው ፓርቲ ፕሬዚዳንት እንደሆነ ይጠይቃልና።

ከዚህ ተነሥቶ የኢትዮጵያ ምክር ቤት ጸጥታ በረከት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። በ2002ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ሁሉንም ያዙ። በ2013ቱ ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ 410 መቀመጫ አገኘ። እንዲህ ባለ ምክር ቤት የዳኛ ሹመት ጠብ አያስነሣም። ነገር ግን ጠብ አለመኖሩ ፖለቲካ ለመጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። ክርክሩ ከምክር ቤቱ አዳራሽ ወጥቶ ሕዝብ ወደማይገባበት የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተዛውሮ ሊሆን ይችላልና።

ልማዱ ረዥም ሥር አለው። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዳኞችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1980ው የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችን የሚመርጠው ብሔራዊ ሸንጎ ሆነ፤ የሥራ ዘመናቸውም ከሸንጎው ዘመን ጋር ተቆራኘ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 ነፃ የዳኝነት አካል በማቋቋምና በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ በመደንገግ ከሁለቱም ተለየ። በአንቀጽ 81 ግን ለተራ ዳኞችና ለአመራሩ ሁለት የተለያዩ በሮች አበጀ። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች የፌዴራል ዳኞች አስተዳደር ጉባኤ መርጦ ያቀርባል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤቱ ያስተላልፋል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ የሚጠቅሰው የጠቅላይ ሚኒስትሩን አቅራቢነትና የምክር ቤቱን ሹመት ብቻ ነው። ለጀማሪው ዳኛ ጠባብ የሆነው በር ለከፍተኛው መንበር ሰፊ ነው ማለት ነው።

የመንበሩ ክብደት ይህን ልዩነት አሳሳቢ ያደርገዋል። ፕሬዚዳንቱ ፍርድ ቤቱን ይመራል፤ ዳኞችን የሚመርጠውንና በሥነ ሥርዓት የሚጠይቀውን ጉባኤ ይሰበስባል፤ በአንቀጽ 82 መሠረትም አሥራ አንድ አባላት ላሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ሰብሳቢ ነው። አንድ ዕጩ ሲጸድቅ ሦስት ወንበሮች አብረው ይሞላሉ።

የቅርብ ጊዜውን ልምድ ማየት ይጠቅማል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በእርሳቸው ዘመን፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1233 እና የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ወጡ። ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የእርሳቸውንና የምክትላቸውን የአቶ ሰሎሞን አረዳን የመልቀቅ ጥያቄ ተቀብሎ በዚያው ቀን አቶ ቴዎድሮስ ምሕረትን ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ አበባ እምቢአለን ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ሾመ። እዚህ ላይ የሚመዘነው የተሿሚዎቹ ብቃት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ስንብትና ሹመት በአንድ ቀን ሲከናወኑ የሕግ ትምህርት ቤቶች፣ ጠበቆችና ባለጉዳዮች ስለ ዕጩዎቹ የሚናገሩበት ጊዜ አይኖርም። ብቁ ተሿሚም ቢሆን በአደባባይ ተፈትኖ የማለፍን ክብር ያጣል።

ጸጥታው ለዳኛው ከለላ እንደማይሆን ያለፈው ታሪክ ያስረዳል። ከሕወሓት ክፍፍል በኋላ በሙስና ተጠርጥረው የታሰሩትን አቶ ስዬ አብርሃን የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ተከሳሹ ወዲያውኑ ተመልሰው ተያዙ፤ ምክር ቤቱም በዚያው ሰሞን የሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል ማሻሻያ አጸደቀ። ያ ግጭት በገዢው ግንባር ውስጥ የተነሣ ነበር፤ ተቃዋሚ ፓርቲ አላስነሣውም። በሹመት ጊዜ በግልጽ ያልታየ ወገንተኝነት በፍርድ ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል አሳየ።

ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው መድኃኒት ሹመቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጽደቅ የሚል ነው። የጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት 16 ዳኞች፣ ስምንት ስምንቱ ከሁለቱ ምክር ቤቶች፣ በዚህ ዓይነት ድምፅ ለአንድ የ12 ዓመት ዘመን ይመረጣሉ። በጀርመን መስፈርቱ የሚሠራው ግን አንድ ፓርቲ ብቻውን ያንን ቁጥር ስለማያገኝ ነው። የ547 ሁለት ሦስተኛ 365 ነው፤ 410 መቀመጫ ያለው ፓርቲ ማንንም ሳያማክር ያልፈዋል። በአውራ ፓርቲ ሥርዓት ቁጥር ብቻውን አጥር አይሆንም። አጥር የሚሆነው ጊዜ፣ ግልጽነትና በጽሑፍ የሚሰጥ ምክንያት ነው።

ለዚህ ቅርቡ ትምህርት ቤት ኬንያ ናት። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት የዳኝነት አገልግሎት ኮሚሽን ዕጩዎችን በአደባባይ ይጠይቃል። በዚያ መንገድ ያለፉት ዴቪድ ማራጋ የመሩት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 የፕሬዚዳንታዊ ምርጫን ውጤት ሻረ። ሥርዓቱ ከፖለቲካ ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ፕሬዚዳንት ኬንያታ ኮሚሽኑ በ2019 ካቀረባቸው 41 ዕጩዎች በ2021 የሾሙት 34ቱን ብቻ ነው። ሆኖም እምቢታቸው በአደባባይ ስለታየ በአደባባይ ተከራከሩበት፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የተደበቀ እምቢታ እንዲህ አይጠየቅም።

የመስማት ሂደት የአሜሪካን ጠብ ያመጣል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ግን ምክንያቱን በሚገባ አይለይም። የአሜሪካው ጠብ የተባባሰው ሁለት ተቀራራቢ ኃይል ያላቸው ፓርቲዎች የዕድሜ ልክ ወንበር ስለሚሻሙ ነው። ዕጩን በአደባባይ መጠየቅ ብቻውን ያን አያስከትልም።

ስለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ሳያስፈልግ፣ በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ሊጀመሩ የሚችሉ እርምጃዎች አሉ። የዕጩው የሥራና የትምህርት ታሪክ ከድምፅ መስጫው ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ይታተም፤ የፓርቲ አባልነት ታሪኩም አይደበቅ። የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ዕጩውን በግልጽ ስብሰባ ይጠይቅ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶችና የጠበቆች ማኅበራት አስተያየት በጽሑፍ ይቅረብ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩውን ለምን እንደመረጠ በጽሑፍ ያስረዳ። አመራሩ ሲለቅም ምክንያቱ ለምክር ቤቱ በዝርዝር ቀርቦ ውይይት ይደረግበት። ክልሎችም ከዚህ አይቀሩም፤ በአንቀጽ 81 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ይሾማልና ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ቀድማ ምሳሌ ልትሆን ትችላለች።

እነዚህ እርምጃዎች አውራውን ፓርቲ ድምፅ አያሳጡትም፤ የመረጠውን ይሾማል። ነገር ግን ለምን እንደመረጠ በተጻፈ ቃል ያስራሉ፤ ተሿሚውም ቃሉን በሕዝብ ፊት ሰጥቶ ይገባል። አገሬው ሁለት ሰዎች ሲጣሉ «በሕግ አምላክ» ብሎ ያስቆማል። የዚያ ቃል ኃይል ያለው ጠሪው ከሰሚው ጋር እኩል የሚያምንበት ሦስተኛ ወገን አለ በሚለው እምነት ላይ ነው። ከአዘና ተነሥቶ ሰበር ሰሚ ችሎት የደረሰ ባለጉዳይ መረታቱን እንደ ፍርድ የሚቀበለው፣ ዳኛው ወደ መንበሩ የወጣበትን መንገድ ማየት ሲችል ነው።