የከርሞ ሰው በገዳሪፍ

ግጥም የሌለው ዜማ ጎዶሎ ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ከእናንተው ወገን ነበርኩ። አሳቤን ያስለወጠኝ እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ አገር የታተመው የ«ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹትን የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች አሰባስቦ ይዟል።

ሙላቱ በለንደንና በቦስተን የተማረውን ይዞ ሲመለስ አምስቱን የአገራችንን ድምፆች አላፈረሰም፤ ከሥራቸው እንግዳ የሆነ የጃዝ ኅብረ ድምፅ አነጠፈላቸው እንጂ። ትራምፔትና ሳክስፎን በአገራችን የተለመዱት በክብር ዘበኛና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንዳንዱ ዜማ ገና መጣም ሲጀምር ማለቁ ግን ያናድደኛል።

ገዳሪፍ ሳለሁ አንድ ምሽት ጀበና ቀርቦ ይህንኑ ስብስብ ከፈትን። እ.ኤ.አ. በ2023 የተነሣው ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸው አዛውንት ጎረቤታችን አብረውን ነበሩ። አማርኛ አያውቁም፤ ሆኖም የሱዳንም ዘፈን በአምስት ድምፅ የሚዜም ነውና ጆሮአቸው አልባዘነም። «የከርሞ ሰው» ላይ ስንደርስ ጣታቸው ሲኒውን ይመታ ጀመር።

«ስሙ ምን ማለት ነው?» አሉ።

እናቶቻችን በዘመን መለወጫ «የከርሞ ሰው ይበለን» እያሉ እንደሚመርቁ በተሰባበረ ዐረብኛዬ አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያም እንድመልሰው በእጃቸው አመለከቱኝ። በረካው እስኪቀዳ ሦስት ጊዜ ሰማነው።