የአባት፣ የልጅና የ25 ነጥብ ነገር

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ምክር ቤት አልጽፍም፤ ስለ ኳስ እጽፋለሁ። ነገሩ ግን ዞሮ ዞሮ ከተለመደው ርእሳችን አይርቅም።

የዶክትሬት ትምህርቴን በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት በተከታተልኩባቸው ዓመታት የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ደጋፊ ሆንኩ። ፉትቦል ስል ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። አገሬ ከገባሁ በኋላም ቅዳሜ ምሽት ኮምፒውተሬ ላይ አፍጥጬ መናደዱ አልቀረልኝም። በመከላከል የሚደነቀው ቡድኔ በማጥቃት የሚያሳፍር ነበርና።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2022 ቡድናችን ሳውዝ ዳኮታ ስቴትን 7 ለ 3 አሸነፈ። በዚህ ጨዋታ ኳስ ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ማለፍ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ የእኛ ልጆች ግን ይህን አንድም ጊዜ አላደረጉም። 3ቱ ነጥብ በእግር ምት የተገኘ ሲሆን ቀሪውን 4 ነጥብ ያመጡት ተከላካዮቹ ናቸው፤ ተጋጣሚን ሁለት ጊዜ በገዛ ክልሉ ውስጥ ጥለው። ድሉ ድል ቢሆንም የማጥቃት ክፍሉ ድርሻ ግን ከምን ይቆጠራል?

ዋና አሠልጣኙ ከርክ ፌረንትዝ ከ1999 ጀምሮ ቡድኑን የሚመሩ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከ2017 እስከ 2023 የማጥቃቱን ክፍል የመራው ደግሞ ልጃቸው ብራያን ነበር። ደንቡ አባት የልጁ የቅርብ አለቃ እንዳይሆን ስለሚከለክል ልጅየው በወረቀት ላይ ተጠሪነቱ ለስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ሆነ። ወረቀቱ ያንን ይበል እንጂ ሜዳው ላይ ማን የማን አለቃ እንደ ነበር ማን ይጠፋዋል? አበው «ሥጋ ሞኝ ነው» ያሉት ለዚህ አይደለምን?

በ2022 ቡድኑ በአማካይ ያስቆጠረው 17.7 ነጥብ ብቻ ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? በፌብሩዋሪ 2023 የልጅየው ውል ተሻሽሎ ደመወዙ ከ900,000 ወደ 850,000 ዶላር ዝቅ አለ፤ ቡድኑም በጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥርና ቢያንስ 7 ጊዜ እንዲያሸንፍ ግዴታ ተጣለበት። የሚያስገርመው፣ ተከላካዮች የሚያስቆጥሩት ነጥብም ከ25ቱ ይቆጠር ነበር። ተማሪ በጎረቤቱ የፈተና ወረቀት ውጤት ሲመዘን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ውጤቱን ሁላችንም አየነው። በ2023 አማካዩ ወደ 15.4 ወረደ፤ ኳስን በማራመድ ቡድኑ ከ133 ቡድኖች የመጨረሻው ሆነ። አውስትራሊያዊው ቶሪ ቴይለር ማጥቃቱ በከሸፈ ቁጥር ኳሱን ወደ ተጋጣሚ ሜዳ አርቆ እየመታ፣ በአንድ የውድድር ዘመን 4,479 ያርድ በማስመዝገብ የኮሌጆቹን ክብረ ወሰን ሰበረ። የአንዱ ክብረ ወሰን የሌላው ውድቀት ምስክር ሆነ ማለት ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 2023 ጊዜያዊዋ ዳይሬክተር ቤት ጌትዝ ልጅየው ለቀጣዩ ዓመት እንደማይመለስ አስታወቁ። የውድድር ዘመኑም በ26 ለ 0 እና በ35 ለ 0 ሽንፈቶች ተዘጋ።

«በዚያ ዓመት 10 ጊዜ አሸንፈዋል እኮ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። በ2024 በአዲስ አሠልጣኝ አማካዩ 27.7 ሲደርስ የድሉ ቁጥር 8 ብቻ መሆኑም እውነት ነው። ቁጥር ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም የምለውም ለዚህ ነው። በ2023 10ሩን ድል የተሸከሙት ተከላካዮቹ ነበሩ፤ ድሉ ግን የማጥቃቱን ድክመት መሸፈኛ ሆነ።

የእኔ ቁጭት ልጅ በአባቱ ቤት መሥራቱ ላይ አይደለም። «ይህ ሥራ አልሆነልህም» ለማለት ድፍረት ያጣ ተቋም በ25 ነጥብ ጀርባ መደበቁ ነው። መስፈርቱ ፍርድን ለማቅናት ሳይሆን ከፍርድ ለመሸሽ የተጻፈ ነበር።

ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። በአንድ ወቅት ማስተማር ያልሆነለትን ወዳጄን በገምጋሚነት ሳየው እውነቱን ከመንገር ይልቅ «በሁለት ዓመት ሦስት ጽሑፍ አሳትም» ብዬ ፈረምኩለት። አሳተመ፤ ተማሪዎቹ ግን ዋጋ ከፈሉ። ያን ቀን እኔም የራሴን 25 ነጥብ ጻፍኩ። እናንተስ፣ ውድ አንባብያን፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ ስንት 25 ነጥብ ተጽፎ አይታችኋል?

ቸር ይግጠመን።