ለደቻቱ የተሳለ አለ?

ሐምሌ 19 ቁልቢ ነበርኩ። ስለት ሲገባ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ዝናቡ ነጠላዬን እስኪያርሰው ቆሜ አዳመጥኩ። አንዷ ልጅ ሰጥቶኛል ብላ ጥላ አስገባች። ሌላው መኪናው ተገልብጦ ሳይሞት ቀርቷል። የቪዛ ስለት ሲነገርማ እልልታው ለብቻው ነው። እሰየው፣ ገብርኤል ይስማቸው። ግን ያን ሁሉ ሰዓት አንድ ሰው እንኳ «ከተማዬ በሰላም ከረመችልኝ» ብሎ ጧፍ ይዞ ሲመጣ አላየሁም።

ከድምፅ ማጉያ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ዛሬ ማጉያውን ምሬዋለሁ። ያናደደኝ የሚነገርበት ነው።

ለአገር የምንጸልየው ስንደነግጥ ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የአንድ ወር ጸሎት አወጀ፤ ቴሌቪዥን ፊት ተንበረከክን። ጥር 2015 ሲኖዶሱ የነነዌን ጾም ጥቁር ለብሳችሁ ጹሙ አለ፤ ለብሰን ቆምን። ድንጋጤው ሲያልፍ ጸሎቱም ከጥቁሩ ልብስ ጋር ታጥፎ ቁም ሳጥን ገባ። ቅዳሴው እኮ እኛን ድንጋጤ እስኪይዘን አይጠብቅም። ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ መንገደኛው፣ ስለ ታመመው በየጊዜው ይለመናል። እኛ ግን ያን ሰዓት ወይ ገና ባጃጅ እየተከራከርን ነው፣ ወይ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆመን ስለ ሲሚንቶ ዋጋ እናወራለን። ኤርምያስ ባቢሎን ለተጋዙት ሲጽፍ፣ ተማርከው ስለገቡባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ነው ያላቸው። ምርኮኛ ለባቢሎን ከጸለየ፣ ወዶ መጋላ የሚኖር ሰው ለድሬዳዋ ምን አንገበገበው?

«ጸሎት ጎርፍ አይገድብም፤ የሚገድበው ግንብ ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። እሺ። እስካሁን አንድ ድንጋይ ሲያቀብል ግን አላየሁትም።

ጎርፍ ካነሳን አይቀር፣ የድሬን ወንዝ ደቻቱን ሳላነሳ አላልፍም። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ከቀዚራ ወደ መጋላ በእግር ትሻገረዋለህ፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴው ሸራ ይዘረጋበታል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ይዞህ ይሄዳል። ሐምሌ 30 ቀን 1998፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ እንዲያ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ያልተገኘውም ብዙ ነበር። በማግስቱ ሰኞ ፍልሰታ ገባ። የዚያን ዓመት ሱባኤ ለቪዛ የያዘ ሰው አላስታውስም።

ከቤቴ ፊት ለፊት ያሉት እናት ከዚያ ወዲህ ጸሎታቸውን ለውጠዋል። (ድሬ ውስጥ «አንቺ» ነው የምላቸው፤ አዘጋጄ እንዳይቆጣኝ ብዬ ነው እዚህ የማከብራቸው።) ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮታቸው ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉን ይሰማል። ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥሎ ደጋው፣ ደንገጎ ይመጣል፦ «የደንገጎን ዝናብ በልክ አድርገው፤ ለማሽላው ይበቃዋል፣ ለእኛ አትላክብን።» ከዚያ ሰው መጥራት ነው። አሸዋው ላይ የምታድረው ልጅ፣ ሻይ የምትሸጠው ሶማሌ፣ ባጃጁን በዱቤ የገዛው የሐረሪው ልጅ፣ ባለሱቁ። መጋላ ውስጥ ለጎረቤቱ የሚጸልይ ክርስቲያን በአብዛኛው የሚጸልየው ለሙስሊም ነው፤ ይህን ሰባኪዎቻችን ቢያነሱት ደስ ባለኝ። ባጃጅ ነጂውም ያውቃል። ቅዳሴ ሲያደርሳቸው «ዛሬ እኔን እንዳትረሺ፣ ጎማዬ አልቋል» ይላቸዋል፣ ሒሳብም አይቀበልም።

ሰው በስሙ እየጠሩ መጸለይ ጣጣ አለው። አሸዋው ላይ የምታድረውን ልጅ ሌሊት ጠርተዋት፣ ጠዋት ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም። ደመና ደንገጎ ላይ ሲከብድ በትራቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ «ተነሺ፣ ዕቃሽን አንሺ» እያሉ ሲጮኹ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። የማስጠንቀቂያ ደወል እያልን እንስቅባቸዋለን፤ እየሳቅንም ዕቃችንን እናነሳለን።

ባለፈው ሳምንት አስጠሩኝ። በራችን ላይ ያለው ቦይ በፌስታልና በጫት ገረባ ተደፍኗል፤ ያስጠርግልን ዘንድ የሚጸልዩለትን ኃላፊ ስም ፈልገው ነው። ሙስሊም ነው፣ የክርስትና ስም የለውም አልኳቸው።

«እና? እናቱ ያወጣችለት ስም የለውም?»

ነገርኳቸው። አንድ ሁለቴ ደጋግመው ያዙት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ ሂድና ጸልየንልሃል በለው፤ ቦዩን ያስጠርግ» አሉኝ። ማክሰኞ ሄጄ ነገርኩት። አሜን አለ፤ ከልቡ ነው የመሰለኝ። ቦዩ ይህን ስጽፍ እንደተደፈነ ነው፤ እሳቸውም ዛሬ ሌሊት ስሙን ከባለሱቁ ቀጥለው ጠርተውታል።